ነዳጅ ያነሰው ሞተር፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ጋራዣችን ድረስ እየመጡ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚያነሡ ደንበኞች ለዓመታት ከሰጠሁት መልስ ተነሥቼ ነው። ጉዳዩ የማደያ ሰልፍ አይደለም። ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ሞተሩ ለሚስበው አየር የሚመጥን ቤንዚን ሲሊንደሩ ውስጥ ሳይደርስ ሲቀር የሚፈጠረው ችግር ነው። ብዙ ሰው በዚህ የተነሣ ያልተበላሸ ዕቃ ይቀይራል፤ የተበላሸውን ግን እዚያው መኪናው ውስጥ ይዞት ይመለሳል። ይህ ደግሞ የዕቃ ዋጋ በየወሩ በሚንርበት ጊዜ በእውነት ያሳዝነኛል።

ሞተር «ነዳጅ አነሰው» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ከዚህ ሲበልጥ ድብልቁ ነዳጅ አነሰው እንላለን። እዚህ ላይ የሚደርሱባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ ቤንዚኑን የሚመጥነው የሞተሩ ኮምፒውተር ያልቆጠረው አየር በሆነ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቷል፣ ወይ መድረስ የነበረበት ቤንዚን በመንገድ ቀርቷል። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ ድብልቁ ደህና ሆኖ ሳለ የሚለካው ዕቃ ተሳስቶ «አነሰ» ይላል። የምርመራው ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

በምን ምልክት አውቀዋለሁ?

ጧት ለመነሣት ያስቸግራል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ጠፍቶ ይቀራል። ነዳጅ ሲረግጡ ለአፍታ ይሰጥምና ከዚያ በኋላ ነው የሚነሣው። ወደ ወረታ በሚወስደው የፎገራ ሜዳ ላይ እኩል ፍጥነት ይዘው ሲነዱ ደግሞ፣ እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ መኪናው ራሱ እየሳበና እየለቀቀ የሚሄድ ይመስልዎታል። ሲብስ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ኋላ ይተኩሳል።

ጥቁር ጭስ ካለ፣ ከማርሚታው የቤንዚን ሽታ ከመጣ፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥላሸት ከለበሰ ግን የእርስዎ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ነዳጅ በዝቶበታል።

ቼክ መብራት በርቶ ስካነሩ ፒ0171 አለ። ኦክስጅን ሴንሰሩን ልቀይር?

አይቀይሩ፤ ቢያንስ ገና ነው። ፒ0171 ማለት በአንደኛው የሲሊንደር ረድፍ ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ሁለት ረድፍ ያለው ሞተር ከሆነ የሁለተኛው ረድፍ ኮድ ፒ0174 ነው። ኮዱ በሽታውን ይነግርዎታል፤ ማን እንዳመጣው አይነግርዎትም።

ነገሩን እንደ ወጥ ቤት ይመልከቱት። ኮምፒውተሩ ወጥ ሠሪዋ ናት፤ ኦክስጅን ሴንሰሩ ቀማሿ ነው። ቀማሹ የጭስ መውጫው ላይ ቆሞ የተቃጠለውን ይቀምስና «ጨው አንሶታል» ይላል። እሷም ትጨምራለች። አሁንም «አንሶታል» ይላታል፤ አሁንም ትጨምራለች። ልትጨምር የምትችለው መጠን ወሰኑ ላይ ሲደርስ መብራቱን አብርታ ለእርስዎ ታሳውቃለች። እንግዲህ እውነቱን የተናገረውን ቀማሽ አባርሮ ሌላ መቅጠር ምን ይጠቅማል?

አንድ ጊዜ አንድ አባት ቶዮታ ቪትዛቸውን ይዘው መጡ። ኦክስጅን ሴንሰሩ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተቀይሮላቸዋል፤ መብራቱ ግን በየሳምንቱ ይመለሳል። «ጋሼ፣ መኪናው መቼ ነው የሚብስበት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከቆመበት ስነሣ ነው። ከሄደማ ደህና ነው» አሉኝ። መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የተጣጠፈ የጎማ ቧንቧ፣ በታችኛው እጥፋቱ ላይ እንደ ጣት የሚረዝም ስንጥቅ ነበረበት። መኪናው ቆሞ ሲታይ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ማንም አያየውም። ሞተሩን የሚሸከመው የጎማ መቀመጫ አልቆ ስለነበር ግን መኪናው ሲነሣ ሞተሩ ይወዘወዝና ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ቧንቧውንና መቀመጫውን ቀየርን፤ መብራቱ በዚያው ጠፍቶ ቀረ። ሁለቱ ሴንሰሮች ያለ ኃጢአታቸው ነው የተቀየሩት።

ቀማሹ የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። ከሴንሰሩ በፊት የጭስ መውጫው ከተሰነጠቀ ወይም ጋስኬቱ ካፈሰሰ የውጭ አየር ይገባና ነዳጅ ያነሰ ያስመስለዋል። ካንዴላ ወይም ኮይል ደክሞ አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀርም፣ ያልተቃጠለው ኦክስጅን እንዳለ ስለሚወጣ ሴንሰሩ ያንኑ ይላል። ሴንሰሩን ራሱን ለመፈተን ሞተሩን ካሞቁ በኋላ ነዳጅ በድንገት ይርገጡ። የቀድሞው ዓይነት ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይመላለሳል፤ መካከሉ 0.45 ነው። ሲረግጡ ከ0.8 በላይ ከዘለለ ምላሱ ደህና ነው። በአዳዲስ ቶዮታዎች ከፊት ያለው ሴንሰር ግን አሠራሩ ሌላ ነው፤ ወደ 3.3 ቮልት አካባቢ ይቆማል፣ ከዚያ ከፍ ሲል ነዳጅ አነሰ ማለት ነው። በአሮጌው መለኪያ ፈርደው ደህናውን ሴንሰር እንዳይጥሉ።

ታዲያ ምርመራውን ከየት ልጀምር?

«መቼ ነው የሚያንሰው?» ከሚለው ጥያቄ። ለአዲስ ተለማማጅ የማስተምረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቆሞ ሚኒሞ ላይ ነው? ሽቅብ ሲወጣ ነው? ወይስ ሁልጊዜ? የጥያቄው መልስ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ተጠርጣሪዎች በነፃ ያሰናብታቸዋል።

መልሱን በቁጥር የሚያሳይዎት ደግሞ ስካነር ነው፤ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ትንሹም ይበቃል። ኮዱን ብቻ አንብበው አይዝጉት። የነዳጅ ማስተካከያ የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች ይክፈቱ፤ አንዱ የአጭር ጊዜ ነው፣ ሌላው የረጅም ጊዜ። ወጥ ሠሪዋ ምን ያህል እየጨመረች እንደሆነ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ሁለቱን ይደምሯቸው። ድምሩ በዜሮ ዙሪያ እስከ 5 በመቶ ወጣ ገባ ቢል ጤነኛ ነው። ከ10 በመቶ በላይ ሲደመር ጥርጣሬ ይጀምራል። ወደ 25 ሲጠጋ ብዙ መኪኖች ላይ መብራቱ ይበራል።

አሁን ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ ቁጥሩን ይመዝግቡ። ከዚያ ወደ 2,500 ዙር ከፍ አድርገው አንድ ደቂቃ ያህል ይዘው እንደገና ይመዝግቡ።

ሚኒሞ ላይ 22 የነበረው በ2,500 ዙር ወደ 4 ከወረደ ያልተቆጠረ አየር እየገባ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በቀዳዳው የሚገባው አየር መጠን ብዙም አይለወጥም። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ያቺ ትርፍ ትልቅ ድርሻ ትይዛለች። ዙሩ ሲጨምር ግን ትዋጣለች። አንድ እንስራ ውሃ ጋን ውስጥ ሲጨመር ይታያል፤ ጣና ላይ ሲጨመር ማን ያየዋል?

ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ሸክም ሲበዛበት ቁጥሩ እየወጣ ከሄደ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ የቤንዚን ፓምፑ ወይም የቤንዚን ፊልትሮው የሚፈለገውን ያህል ቤንዚን አያደርስም፣ ወይ አየር የሚለካው ሴንሰር አቧራ ለብሶ የገባውን አየር አሳንሶ እየተናገረ ነው። ይህን ቆሞ መፈተን ስለማይበቃ እኔ ወደ ቤዛዊት የሚያስወጣውን ዳገት እጠቀማለሁ፤ ስካነሩን አብሮኝ ያለ ሰው ይይዘዋል እንጂ እየነዱ ቁጥር ማንበብ አይገባም። ሁለቱን ተጠርጣሪዎች የሚለየው የቤንዚን ግፊት መለኪያ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ግፊቱ ከወረደ የቤንዚን አቅርቦቱ ነው፤ ግፊቱ ከጸና ወደ አየር ሴንሰሩ ይመለሱ።

በሁሉም ቦታ እኩል ከፍ ብሎ ከተገኘ ደግሞ የተደፈነ ኢንጀክተርን (ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ)፣ ከሥሩ ዝቅ ያለ ግፊትንና ከላይ ያነሣሁትን የጭስ መውጫ ስንጥቅ ይጠርጥሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች አየሩን በቀጥታ አይለኩም፤ በማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት አይተው ነው የሚገምቱት። በእነዚህ ላይ አየር ሾልኮ ሲገባ ግፊቱ ስለሚጨምር ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምርለታል። ስለዚህ ነዳጅ ከማነስ ይልቅ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ሲያጓራ ይገኛል። አንዱን ሕግ ለሁሉም መኪና የሚሠራ አድርገው አይያዙት።

የባሕር ዳር ከፍታ ራሱ ሞተሩን ነዳጅ ያሳንስበታል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም ዝንባሌው ወደ ተቃራኒው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በድሮ መኪኖች ቤንዚኑን ከአየር የሚደባልቀው ካርቡራተር ይህን መሳሳት ስለማያውቅ የለመደውን ቤንዚን ይሰጣል፤ ውጤቱ ነዳጅ መብዛት ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን ራሱ ያስተካክላል።

የጉልበት ማነስ ግን አለ፤ ሞተሩ የሚያቃጥለው አየር ሲያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ በሽታ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያ የመጣ መኪና እዚህ ትንሽ ሊበረታ እንጂ ሊደክም አይገባውም። ከአዲስ አበባ መጥቶ «የባሕር ዳር አየር አልተስማማውም» የተባለ መኪና ካለ ከፍታውን ትተው ፓምፑን ይመልከቱ።

ከፍታው በእርግጥ የሚያሳስተን መለኪያ ስናነብ ነው። በውጭ አገር መጻሕፍት የጤነኛ ሞተር ቫክዩም፣ ማለትም ሞተሩ ሲስብ በማስገቢያው ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት ጉድለት፣ ሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ነው ይባላል። ያ በባሕር ወለል ላይ ነው። እዚህ ከ5 እስከ 6 ኢንች ይቀነሳል፤ ስለዚህ ከ12 እስከ 15 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ «ቫክዩም ይጎድለዋል» ተብለው በከንቱ የተፈቱ ሞተሮች አይቻለሁ። በተመሳሳይ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የማስገቢያው አየር ግፊት ሴንሰር 81 ወይም 82 ኪሎ ፓስካል ቢያሳይ ትክክል ነው፤ 101 ካሳየ ነው ሴንሰሩ የሚዋሸው።

ካርቡራተር ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ለደጋ ተብሎ ጠበብ ያለ ጄት (ቤንዚን በልክ የሚያልፍባት ቀዳዳ) የተገጠመለት መኪና ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ አየሩ እየከበደ ስለሚሄድ በእውነት ነዳጅ ያንሰዋል፤ ሙቀቱ ተጨምሮበት ሞተሩን ሊጎዳው ይችላል።

ሾልኮ የሚገባውን አየር እንዴት አገኘዋለሁ?

በጆሮ ይጀምሩ። ሚኒሞ ላይ ኮፈኑን ከፍተው ያዳምጡ፤ ፊሽካ የሚመስል ቀጭን ድምፅ አለው። አንድ ሜትር ያህል ቀጭን የጎማ ቧንቧ አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ፣ ሌላውን በየመገጣጠሚያው ላይ ቢያስጠጉ ድምፁን እንደ ሐኪም ይሰሙታል። ከሚዞሩት ቀበቶዎችና ከማራገቢያው ግን ይራቁ።

ቀጥሎ ዓይን። ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ጎማዎቹ ይደርቃሉ፤ ጣት ሲጫናቸው የሚሰነጣጠቁ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይቀየሩ። አይጥ የበላው ቧንቧም ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ በተለይ እህል ከሚቀመጥበት ግቢ የሚያድር መኪና ላይ። የፍሬን ማገዣው ትልቅ ቧንቧ አይረሳ፤ ፍሬን ሲረግጡ ሚኒሞው ከተለወጠ ወይም የአየር ፉጨት ከተሰማ እሱ ነው። የዘይት መሙያው ክዳንና የዘይት መለኪያው ዘንግ ጎማም አየር ያስገባሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አያምንም። የማስገቢያ ማኒፎልዱ ጋስኬትና ኢንጀክተሮቹ የተቀመጡባቸው የጎማ ቀለበቶች መጨረሻ ላይ ይታያሉ።

የጭስ መፈተሻ ያለው ጋራዥ ካገኙ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ጭሱ በቀዳዳው ሲወጣ በዓይን ይታያል። ከሌለ በመርጫ ንጹሕ ውሃ በየመገጣጠሚያው ጥቂት ጥቂት ይርጩ፤ ቀዳዳው ላይ ሲያርፍ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎቹን አያርጥቡ። በቤንዚን፣ በሚቀጣጠል ማጽጃ ወይም በምግብ ማብሰያ ጋዝ የሚፈትኑ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ በእሳት መጫወት ስለሆነ እባክዎ አይሞክሩት።

ፓምፑ መድከሙን በምን አረጋግጣለሁ?

በብዙ መኪኖች ቁልፉን ሲከፍቱ ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል የሚሰማው ዝዝታ የፓምፑ ነው። ድምፁ መኖሩ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ የደከመ ፓምፕም ይጮሃል። እርግጠኛው ነገር የግፊት መለኪያ ነው። ለምሳሌ ብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለው 1ኤንዜድ ሞተር ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል፣ በሌላ አነጋገር ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ይፈልጋል። ቆሞ ይህን ማሳየቱ አይበቃም፤ ሸክም ላይም መጽናት አለበት።

የደከመ ፓምፕ ከተማ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከቀበሌ አሥራ አንድ እስከ ገበያ ድረስ ማን ሙሉ ጉልበት ይጠይቀዋል? ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የዓባይ በረሃ ላይ ነው የሚጋለጠው። ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደው ድልድዩን ተሻግረው ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ሲወጡ፣ በሙቀትና በሸክም ላይ ፓምፑ የሚፈለገውን ማድረስ ያቅተዋል። መኪናው ይሰጥማል፣ ያስላል፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይነሣል፣ ደግሞ ይሰጥማል። ብዙዎች ሙቀት ነው ብለው ራዲያተሩ ላይ ውሃ ያፈሳሉ።

ፓምፕ የሚገድለውን ልንገርዎት። በብዙ መኪኖች ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በቤንዚኑ ነው። ቤንዚን በጠፋበት ወቅት መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ ለሳምንታት ሲነዳ ፓምፑ ይግላል፣ ከሥር ያለውን ዝቃጭም ይምጋል። ሰልፉ እንደማይመች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሩብ በታች አያውርዱት። ቪትዝን የመሰሉ መኪኖች ላይ ፊልትሮውም እዚያው ከፓምፑ ጋር ስለሆነ «ፊልትሮው ተቀይሯል» ሲባሉ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ የአየሩን ቀይረው ሊሆን ይችላል።

ፓምፑን ከመቀየር በፊት ደግሞ ወደ እሱ የሚደርሰውን ቮልት ይለኩ። ሞተሩ እየሠራ ከባትሪው ቮልት ብዙ ካነሰ፣ ጥፋቱ የዛገ መገጣጠሚያ ወይም የደከመ ሪሌ (ለፓምፑ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝለት ማብሪያ) ነው። ደህና ፓምፕ በርካሽ ሽቦ ምክንያት ሲጣል ማየት አልወድም።

በጀሪካን ከመንገድ ዳር የገዛሁት ቤንዚን ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል፤ ፓምፑ የሚስበውም ከሥር ነው። ችግሩ ከተሞላ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከጀመረ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። ከታንኩ ጥቂት ወደሚያሳይ የብርጭቆ ጠርሙስ ቀድተው ለግማሽ ሰዓት ሳያንቀሳቅሱ ያስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከሥር በመስመር ተለይቶ ይታያል። ዝቃጭና ዝገትም እዚያው ይወጣል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ግን በዚህ አይለዩትም፤ እሱ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩን እንደ ብረት ያንኳኳዋል። ሁለቱም ሲገኙ መፍትሔው አንድ ነው፤ ታንኩን ማጠብ።

ባጃጄ ሲሞቅ ጉልበት ያጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይድናል። ነዳጅ አንሶት ነው?

ካርቡራተር ያለው ባጃጅ ከሆነ ብዙ ጊዜ አዎ። በከተማችን ቀን ሙሉ ሲሠሩ ለሚውሉት ባጃጆች ሦስት ነገሮችን በዚህ ቅደም ተከተል አያለሁ። አንደኛ ጄቷን፤ ቀዳዳዋ ለዓይን የምታስቸግር ቢጫ ቡሎን ናት፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትዘጋታለች። በአየር ግፊት ትነፋለች እንጂ በሽቦ አትጎረጎር፤ ቀዳዳዋ ከሰፋ በኋላ ልኳ አይመለስም። ሁለተኛ በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለውን ጎማ፤ ሲሞቅ ስንጥቁ ይሰፋል፣ «ሲሞቅ ይብሳል» የሚለው ምልክት ከዚህ ይመጣል። ሦስተኛ የታንኩ ክዳን መተንፈሻ፤ ከተደፈነ ቤንዚኑ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ክዳኑን ላላ አድርገው ሲነዱ ከዳነ መልሱን አገኙ።

የአየር ፊልትሮውን አውጥተው የሚነዱ ልጆች አሉ፤ ጉልበት የሚጨምር ይመስላቸዋል። ድብልቁ ነዳጅ ያንሰዋል፣ አቧራው ፒስተኑን ይፍቀዋል። ልጆቼ፣ የዕለት እንጀራችሁ ናትና መልሱላት።

ወደ ገዳማቱ የምንነዳው የጀልባ ሞተርስ?

ይህ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በሚደባለቅበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ፒስተኑ ሳይቀባ ይነዳል፣ ግሎም ተጣብቆ ይቆማል። ያ ደግሞ ሐይቁ መካከል፣ ሰው ተሳፍሮ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሊሆን ይችላል።

ጀልባው ለጥቂት ደቂቃ ደህና ሄዶ ጉልበቱ ከወረደ መጀመሪያ የተንቀሳቃሹ ታንክ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ቡሎን መከፈቷን ይዩ። ቀጥሎ በቧንቧው መካከል ያለችውን በእጅ የምትጨመቅ ጎማ ይመልከቱ። ሞተሩ እየሠራ ተጣብቃ ከተኮማተረች ከታንኩ በኩል መንገዱ ተዘግቷል። ሲጨምቋት ጉልበቱ የሚመለስ ከሆነ የሞተሩ ፓምፕ ደክሟል ወይም በመገጣጠሚያው አየር እየሳበ ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ከመነሣት በፊት ዳር ላይ ሙሉ ዙር ላይ አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ይሞክሩት።

በናፍጣ የሚሠራ መኪናም ይህ ይገጥመዋል?

የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ሁልጊዜ ትርፍ አየር ይዞ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ቁጥር አይመለከተውም። ናፍጣ ሲያንሰው ጉልበት ብቻ ያጣል። ፊልትሮውን፣ ውሃ መለያውንና አየር የሚስብ መገጣጠሚያን ይመልከቱ።

የካንዴላ ቀለም ያሳውቃል?

ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም። ጤነኛው ቡና በወተት ይመስላል። ነዳጅ ያነሰው እንደ ኖራ ይነጣል፤ ጥቃቅን የቀለጡ ነጠብጣቦች ካሉበት ሞተሩ በጣም ግሏል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከነጣ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር ወይም ከሱ አጠገብ ያለ የአየር ቀዳዳ ነው። ይህች ልዩነት ብዙ ልፋት ታድናለች።

ኢንጀክተር ያጥባል የሚባለውን ፈሳሽ ታንኩ ውስጥ ብጨምርስ?

በጥቂቱ የቆሸሸ ኢንጀክተር ላይ ሊረዳ ይችላል። የተሰነጠቀ ቧንቧ ግን በፈሳሽ አይጠገንም። አየር የሚለካውን ሴንሰር ለማጽዳት ለሱ ብቻ የተሠራ ማጽጃ አለ፤ ሽቦውን በጣትም በጨርቅም አይንኩት፣ በካርቡራተር ማጽጃም አይርጩት።

መብራቱ በርቶ ለጊዜው ልንዳው?

ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ በከተማ ውስጥ ለጥቂት ቀን በቀስታ መንዳት ይቻላል። ሽቅብ ሲወጣ የሚሰጥም ከሆነ ግን ረጅም መንገድ አይውጡ። በሸክም ላይ ነዳጅ ሲያንስ ሞተሩ ያንኳኳል፣ የጭስ መውጫ ቫልቮች ይቃጠላሉ፣ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን ያቀልጠዋል። ያን ጊዜ ዳር ይዘው ያቁሙ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለንን ሞተር መንከባከብ ግዴታ ሆኗል።

በትክክል መጠገኑን በምን አውቃለሁ?

መብራቱ ስለጠፋ አይመኑ፤ በስካነር ማንም ያጠፋዋል። ኮዱ ከተሰረዘ በኋላ ከተማ ውስጥም፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይም ለጥቂት ቀናት ይንዱት። ከዚያ ሞተሩ እንደሞቀ ሁለቱን የማስተካከያ ቁጥሮች እንደገና ይመልከቱ፤ ሚኒሞ ላይ፣ በ2,500 ዙርና ሽቅብ ላይ። በሦስቱም ቦታ ድምሩ ከ5 በመቶ ብዙ ካልራቀ ተጠግኗል። መካኒኩን ከጥገና በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች በወረቀት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት፤ እኛ ጋ የሚመጣ ደንበኛም ይህን ቢጠይቀን ደስ ይለናል።